በመርሳ ሜዳ የተወረወረው ሎሚ

ቅዳሜ ጠዋት ከውርጌሳ ተነስቶ መርሳ ላይ እኔን የጫነኝ ሚኒባስ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት እናት አንድ ማዳበሪያ ብርቱካን በእግራቸው መሀል አቁመዋል፤ ታች ያለው ተጨፍልቆ ኖሮ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሽታው ይነሳል። እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የሳምንቱን ጥያቄ አነባለሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጋራዡን ለልጄ ትቼ፣ ወልድያ ላይ ቅዳሜና እሁድ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በሁለት አገሮች መካከል በሚደረግ ጨዋታ ተመልካች ቢረብሽ፣ የእግር ኳስ አስተዳዳሪዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?»

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስንወያይበት ልጆቹ መልሱን ባንዴ ጨረሱት። አብረውኝ የሚማሩትን ሁሉ ልጆቹ እላቸዋለሁ፤ አይቀየሙኝም። አንዱ ሜዳው ይዘጋ አለ። አንዷ ነጥብ ይቀነስ አለች። ሌላው ደግሞ የወረወረው ሰው ዕድሜ ልኩን ስታዲየም እንዳይገባ ሲል፣ «ከተገኘ ነዋ!» ብለው ጮኹበት። እኔም እጄን አወጣሁና፣ «መርሳ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ረብሻ አይቻለሁ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ ሞላ፣ መርሳ ከማን ጋር? ከብራዚል ጋር?» አለ አንዱ ከኋላ። መምህራችን ወጣት ናቸው፤ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አይበልጡም። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ይጻፉልን። ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ያዩትን ብቻ» አሉኝ። ያዩትን መጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን እስክሪብቶዬ አንድ ቦታ ላይ እየደረሰ ይቆምብኝ ጀመር፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ያየሁት ሳይሆን ያደረግሁት ነውና።

«ሞላ! አንተ ሽማግሌ፣ ደብተር ይዘህ ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዞር ብል ሰይድ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። ከልጅነት ጓደኛዬ ሰይድ ጋር ብዙ ዓመት አልተገናኘንም። ኮምቦልቻ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት ውርጌሳ ላይ የጎማ ጥገና ቤት መክፈቱን ሰምቼ ነበር። ውርጌሳ ደግሞ ለመርሳ ጎረቤት ነው፤ ቁርስ በልቶ ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ ደግሞ አውቃለሁ። «አብሽር፣ ጠጋ በል» ብሎ ከጎኔ ተሸጎጠ፤ ጎማ ሊገዛ ወልድያ እየሄደ ነው። ደብተሬን ከእጄ ወስዶ ጥያቄውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። የብርቱካኑ ሽታ መሀላችን ገብቶ ተቀመጠ።

ያኔ፣ የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ መርሳ ላይ ብርቱካን በብር አሥር ነበር፤ ሻጯን ካወቅሃት አሥራ አንድ። አስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚያጋድልበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይዋ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ብርጭቆዋ ትንሽ፣ ቴፕዋ ግን ትልቅ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲቆሙ ባለቤቷ ድምፁን ትለቀዋለች፤ ትዝታው ሲያልቅ አምባሰሉ ይቀጥላል፤ ካሴቱ ከሙቀቱ የተነሳ ሲንተፋተፍ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እናስተካክልላታለን፤ ለዚያ ሥራችን ሻይ በነፃ ነበር። ዛሬ በዚያ ጥግ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ፣ ፊት ለፊቱ ባጃጆች ይሰለፋሉ፤ ሳልፍ ግን አሁንም ጆሮዬ ቴፑን ይፈልጋል። እኔና ሰይድ ያኔ ሃያ አልሞላንም። ከሰልባጅ ተራ አንድ ሰማያዊ ጂንስ በጋራ ገዝተን ነበር፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ የተጣፈበት። የምንለብሰው በተራ ነው። እሱ ዓርብ ለጁምዓ ይለብሰዋል፣ በሥራ ቀንም የእሱ ነው፤ እሁድ ግን የእኔ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በነጠላ ሥር እለብሰዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላም እስኪመሽ አላወልቀውም። ሰው ሁሉ የሰይድ ሱሪ አድርጎ ነበር የሚያውቀው፤ ምክንያቱም ከሁለታችን ሥራ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ሥራውም ሲሪንቃ አጠገብ ከሰፈረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ፈረንጆቹ አስፋልቱን ሊጠግኑ መጥተው ሁለት ክረምት ከረሙ። አገራቸው የት እንደሆነ መርሳ እስከ ዛሬ አልተስማማችም፤ የጠየቅኋቸው ሁሉ የተለያየ አገር ይጠሩልኛል፣ እኔም እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልጽፈውም። ሰይድ እዚያ ጎማ ይጠግን ነበር፤ ደመወዙ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያበላል። ፈረንጆቹ ማታ ማታ ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቀን የመርሳን ቡድን ካምፓቸው ጋብዘው አራት ለባዶ ሸኙን። ከዚያ የመልሱ ጨዋታ መርሳ ላይ እንዲሆን ተስማሙ፤ ሜዳችንን ሲያዩ ደግሞ አዘኑልን መሰል፣ ጨዋታው በሰላም ካለቀ ግሬደር አምጥተው እንደሚደለድሉት ቃል ገቡ። ሜዳችን የከብት ገበያው ነበር። ግቡ ባሕር ዛፍ፣ መስመሩ አመድ፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ኳስ ሲነጥርበት አቅጣጫ የሚያስቀይር ድንጋይ ሞልቷል። ከተማው በሙሉ ስለ ጨዋታው ትቶ ስለ ግሬደሩ ማውራት ጀመረ።

ቀኑ የጥምቀት ሰሞን እሁድ ነበር። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥምቀት ሰሞን ጎረምሳ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሎሚ አይጠፋም፤ የወደዳትን ልጅ ሲያይ ወደ ደረቷ ይወረውራል፣ እሷም ብታነሳው ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። እኔም በታቦቱ ቀን የያዝኩት አንድ ሎሚ ነበረኝ። የያዝኩትም ለየሺ ነው። የሺ የአቶ ይመር ልጅ ናት፤ አቶ ይመር ባለ ሱቅ ናቸው፣ የከተማው የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ፤ ገና ከሩቅ ሳያቸው እጄን ከኪሴ የማወጣላቸው ሰው ናቸው። በታቦቱ ቀን ፈራሁ። በማግሥቱም ፈራሁ። ሎሚው ኪሴ ውስጥ ከርሞ እየደረቀ እየጠጠረ ሄደ።

እሁድ ከግቡ ጎን በስተቀኝ ከሰይድ ጋር ቆምኩ። የሺ ከጓደኞቿ ጋር በስተግራ ቆማለች፤ ነጭ ቀሚስ፣ አረንጓዴ ሹራብ፣ የፕላስቲክ ጫማ። መሀላችን ግቡና የፈረንጆቹ በረኛ አለ፤ ከርዝመቱ የተነሳ ዋንዛ ብለን ስም አውጥተንለታል። አንድ ለአንድ ነን። ሊያልቅ ሲቃረብ የእኛ አጥቂ ኳሱን ይዞ ሲመጣ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፣ የሺም እጇን አውጥታ ዘለለች፣ እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ኳሱን እያየ ስለሆነ ማንም አያየኝም ብዬ ሎሚውን በግቡ አናት ላይ አሳልፌ ወረወርኩ። አናቱን አላለፈም። የዋንዛን ቅንድብ መታ። ዋንዛ ዓይኑን ይዞ ሲንበረከክ ኳሷ በጎኑ ገባች።

ጎል! ግማሹ ሰው በደስታ ዘለለ። ፈረንጆቹ ዳኛ ወደነበረው የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ሮጡ። ከእኛ ወገን በረኛው ተመትቶ ሲወድቅ ያየው ደግሞ ጥሉ የተጀመረ መሰለው፤ ብርቱካን የያዘ ብርቱካን፣ ልጣጭ የያዘ ልጣጭ ይወረውር ጀመር። የካምፑ ኃላፊ በመስመሩ ዳር ቆመው ነበር፤ አንድ የበሰለ ብርቱካን ነጭ ባርኔጣቸው ላይ ፈረጠ። በዚያ አበቃ። ፈረንጆቹ መኪናቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ማታ በአስተርጓሚያቸው በኩል መልእክት መጣ፦ በረኛውን የመታው ሰው ካልታወቀ ግሬደር የለም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰይድን ከካምፑ በር መለሱት። ያየው ሰው፣ «የመታው ባለ ሰማያዊ ሱሪው ነው» ብሎ ነበርና።

እዚህ ላይ ነው እስክሪብቶዬ የሚቆመው። ሰኞ ማታ ሰይድ ቤታችን መጣ። «ሥራ አቆሙኝ» አለ። ሱሪውን አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ እሁድ ማታ ሳልመልስለት ቀርቼ ነበርና። ተቀበለኝ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ በአውራ ጣቱ ዳበሰና ሄደ። የወረወርኩት እኔ ነኝ አላልኩትም። ልናገር ብል የየሺን ስም ላነሳ ነው፤ የየሺ ስም ደግሞ አባቷ ፊት ሊነሳ ነው። ይህን ለራሴ እየነገርኩ ማክሰኞም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመጻፍ ቃል ስለገባሁ ግን ልጨምር፦ ግሬደሩን ያስቀረ ሰው መባልንም ፈርቼ ነበር።

ኮሚቴው ሁለት ቀን ተሰብስቦ ልክ እንደ ክፍላችን ልጆች ተከራከረ። ሜዳው ዓመት ይዘጋ ያለ አለ። ጎረምሳው ሁሉ ይታሰር ያለም አለ። በመጨረሻ ክርስቲያኑም እስላሙም ለእርቅ የሚጠራቸውን ሼህ ሙሄን ጠሩ። ሼህ ሙሄ አዳምጠው፣ «ሜዳውን ከዘጋችሁት የተቀጣው ሜዳው ነው፤ የወረወረው ሰውዬ ምን ሆነ?» አሉ። ከዚያም ለኳስ ተደርጎ የማያውቅ ነገር አዘዙ። አውጫጭኝ።

አውጫጭኝን ልጆቹ ስለማያውቁት ላስረዳ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰው ሁሉ በየተራ ቀርቦ ያየውን ለሽማግሌዎች በጆሮ ይነግራል፤ የተናገረው ሰው ስም አይወጣም፣ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው። ሼህ ሙሄ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ እያንዳንዱ ሰው እሁድ በቆመበት ቦታ ላይ ይቁም አሉ። ረቡዕ ጠዋት በግቡ ዙሪያ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ያለ ኳስ ያለ ጨዋታ በየቦታው ቆመ። እኔና ሰይድ በስተቀኝ። የነየሺ ቡድን በስተግራ። አቶ ይመር ከሽማግሌዎቹ ጋር በርጩማ ላይ። ካምፑም ኃላፊውን፣ አስተርጓሚውንና ዋንዛን ልኮ ነበር፤ ዋንዛ ቅንድቡ እንዳበጠ ነው።

ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትቆም ሰው እየቀረበ አንሾካሾከ። ከዚያ ሼህ ሙሄ ተነሱ። «ወፏ ሰማያዊ ሱሪ ብላለች።» ሰይድ ያን ቀን ሱሪውን ለብሶ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሰይድ፣ ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

«ወላሂ ሼህ ሙሄ፣ በረኛውን የመታሁት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እሱን ወፏን ይጠይቋት» አለ ሰይድ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ወደ እኔ አላየም። ትከሻችን ይነካካል፣ ግን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ሼህ ሙሄ ወደ ዋንዛ ዞሩ፤ የመታህን ነገር አይተኸዋል ወይ ብለው በአስተርጓሚው አስጠየቁ። ዋንዛ ከኪሱ መሐረብ አወጣና ፈታው። አስተርጓሚው፣ «የመታኝ ይሄ ነው ይላል። ሌላው ብርቱካን ነበር፤ እሱንስ ለቅመን በላነው ይላል» አለ። ሼህ ሙሄ የደረቀውን ነገር ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄማ ሎሚ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ወሎ ኖሬ ሎሚ ይዞ ለጥል የሚወጣ ሰው አላየሁም። ከዚህ ግብ ማዶ የቆሙት እነማን ናቸው?»

ሕዝቡ ወደ ግራ ዞረ። መጀመሪያ ሴቶቹ ገባቸው፤ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። አቶ ይመር ግን አልሳቁም፤ ከማዶ የቆሙትን ልጆች አንድ በአንድ እያዩ ወደ የሺ ሲደርሱ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ የፕላስቲክ ጫማዋን ታያለች። የማን ስም ሊነሳ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እግሬ ከኔ ቀድሞ ተራመደ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰይድ አይደለም። ሱሪውም የኔም ነው።»

«የኔም ማለት?»

«በተራ ነው የምንለብሰው። እሁድ የኔ ነው።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ ዋንዛ እንኳ ሲተረጎምለት ዓይኑን ይዞ ሳቀ። ሼህ ሙሄ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «ለማን ነበር ሎሚው?» አሉኝ። አቶ ይመር አዩኝ። ሼህ ሙሄ እሳቸውንም እኔንም አይተው እጃቸውን አነሱ። «ተወው። ይህን የሚጠይቀው ሽምግልና ሌላ ነው። ቀኑ ሲደርስ ግን እኔን እንዳትረሳ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ወፍጮ ተነሳልኝ ብል ይበቃል። ሽማግሌዎቹ በዚያው ፈረዱ። ጎሉ ተሰረዘ፤ ሰው አጉረመረመ፣ ግን ተቀበለ። «ብርቱካን የወረወረ እጁን ያውጣ» ሲባል መጀመሪያ ማንም አላወጣም፤ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ግማሽ ሜዳው እጁን አወጣ። ቅጣታቸው ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት የሜዳውን ድንጋይ በእጃቸው መልቀም ሆነ። ለእኔ ደግሞ፣ «በሚደገመው ጨዋታ ከበረኛው ጀርባ ትቆማለህ። ውሃውን ትይዛለህ። አንድ ነገር ቢነካው አንተን ነው የምንጠይቅ» አሉኝ። ሰይድ ሐሙስ ሥራው ገባ። ጨዋታው ተደገመ፤ ሦስት ለአንድ ተሸነፍን፤ አንዲት ልጣጭ እንኳ አልተወረወረችም። እኔ ጨዋታውን አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የማየው ሰው ሰውን ነበር፣ የማን እጅ የት እንዳለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግሬደሩ መጣ። ከተማው ወጥቶ እንደ ሠርግ አጀበው።

ለመምህራችን ጥያቄ ያለኝ መልስ እንግዲህ ከዚህ የተቀዳ ነው። ሜዳ መዝጋት ያልወረወረውንም መቅጣት ነው። መጀመሪያ የሆነውን ነገር ራሱ ሕዝቡ እንዲያወጣው ማድረግ፣ ያጠፋውንም የበደለውን ሰው ጠባቂ ማድረግ ይሻላል እላለሁ። ስልሳ ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም አውጫጭኝ ይቻላል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ዛሬ ወንበሩ ቁጥር አለው፤ የወፏን ሥራ ካሜራ ይሠራዋል። ግን ካሜራም እንደ ወፏ ሱሪውን ብቻ አይቶ ሊሳሳት ይችላልና፣ ሎሚውን የሚያሸት አንድ ሽማግሌ አይጥፋ።

የሺ ይህን አንብባለች። ሼህ ሙሄ ቀኑ ሲደርስ አልተረሱም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አቶ ይመር ቤት ደጅ ጸኑልኝ፣ አቶ ይመርም፣ «አወራወር ከተማረ ይሁን» አሉ። «ያችን ሎሚ እኮ አላገኘኋትም» ትለኛለች የሺ እስከ ዛሬ። «ዋንዛን ነው ያገባኸው።»

ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ሰይድ ካምፑ የነበረበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ፤ አሁን የእርሻ ሙከራ ማሽላ ቆሞበታል። ያን ጊዜ ተነፈስኩ። «ሰይድ፣ ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያልኩህን ይቅር በለኝ። ውርጌሳ ያልመጣሁትም ለዚያ ነው።»

ሰይድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው።

«አንተ ሞኝ! እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ስመለስ መርሳ ያልወረድኩት ለምን መሰለህ? የኃላፊውን ባርኔጣ ማን የመታው ይመስልሃል?»

«አንተ?»

«ወላሂ እኔ! የገዛ አለቃዬን! ዋንዛ ሲወድቅ ሳይ እጄ ላይ ብርቱካን ነበር፣ እጄ ሄደ። ሰኞ ከበር ሲመልሱኝ ባርኔጣው የታወቀብኝ መስሎኝ ነበር። ረቡዕ በረኛውን የመታሁት እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩ፤ ስለ ባርኔጣው የጠየቀኝ አልነበረም። ብርቱካን የወረወረ እጁን ያውጣ ሲሉ አንተ ስለኔ ወጥተህ ቆመሃል፣ እኔ ግን እናቴን አስቤ ዝም አልኩ። ድንጋይም ሳልለቅም ቀረሁ። ሞላ ሲያውቅ ምን ይለኛል እያልኩ ይኸው ሸበትኩ።»

ከፊታችን ያሉት እናት ዞረው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ምን አግኝታችሁ ነው?» አሉን። መናገር አልቻልንም። እንባችንን እየጠረግን ስንስቅ እሳቸውም ሳቃቸው መጣ፤ ከማዳበሪያው ሁለት ብርቱካን አውጥተው ሰጡን።

ወልድያ መናኸሪያ ወርደን ተሰነባበትን። ሰይድ ባጃጅ ላይ ወጣ፤ ባጃጁ ሊነሳ ሲል አንገቱን አውጥቶ፣ «ሞላ! ያዝ!» ብሎ የራሱን ብርቱካን ወረወረልኝ። መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ደብተሬን በብብቴ አጣብቄ በሁለት እጄ ቀለብኩት። ማንንም አልመታም።